ኃይለሥላሴ በ48 አጻጻፍ፦ የጤና ጣቢያ ሶፍትዌር ሰውን ደግሞ እንዴት ያገኘዋል?

የዛሬው ትምህርት ስለ ጤና ሶፍትዌር ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም ቀዶ ሕክምና ስለሚያደርግ ሮቦት የጠበቃችሁ ካላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ጥያቄያችን በጣም ተራ ነው። ዛሬ ጤና ጣቢያ የመጣችው እናት ከሦስት ወር በፊት የመጣችው ያችው ሴት መሆኗን ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል?

ተራ ይምሰል እንጂ ለመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ከሁሉም የሚቀድመው ጥያቄ ይሄ ነው። ትልቅ ሆስፒታል እግሩ የተሰበረ ሰው ተቀብሎ፣ ጠግኖ፣ ሊሸኝ ይችላል። የጤና ጣቢያና የጤና ኬላ ሥራ ግን በአብዛኛው ምልልስ ነው፦ የእርግዝና ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት፣ ወራት የሚፈጅ የቲቢ ሕክምና። በአንድ ቀን ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር ጥቂት ነው። ሶፍትዌሩ ሰውየውን ደግሞ ማግኘት ካልቻለ፣ ገጹ ቢያምር፣ ግራፉ ቢደምቅ ምን ይሠራል?

የአገራችንን ሁኔታ ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን የጀመረችው በ1995 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2003) ነው። ከዚያ ወዲህ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሠልጥነው ተሰማርተዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንድ የገጠር ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል። ባለሙያዋ ለየቤቱ የቤተሰብ ማህደር ትይዛለች፤ ወረቀቱ ውስጥ የእናት፣ የአባት፣ የልጆች ካርድ አለ። እኔ ይህን ማህደር ብልህ የሆነ የወረቀት ዳታቤዝ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የሚፈለገው በስም ሳይሆን በቤት ነው። «የነ እንትና ቤት» ከተባለ ስሙ በየትኛው «ሀ» ተጻፈ ብሎ የሚጨነቅ የለም። አሁን ግን ሥራው ወደ ታብሌትና ስልክ እየገባ ነው። ታብሌት ደግሞ ባለሙያዋ በቃሏ የምታውቀውን አያውቅም።

ችግሩ ሲፈጠር ምን እንደሚመስል በአንድ ሕፃን እንየው። በኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር ፔንታቫለንት የሚባለው ክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9 ወርና በ15 ወር። ሕፃኑ ሲወለድ ብዙ ጊዜ ስም አልወጣለትም፤ መዝገቡ ላይ «የአልማዝ ልጅ» ይባላል። በ6ኛው ሳምንት ሲመጣ ስሙ ናትናኤል ሆኗል። ቤተሰቡ ኦርቶዶክስ ከሆነ ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን የክርስትና ስም ይጨመርላቸዋል፤ አያት ይዛው ስትመጣ ደግሞ በራሷ ባወጣችለት ስም ልትጠራው ትችላለች። አሁን ሶፍትዌሩ ሁለት ልጅ መዘገበ እንበል፦ አንዱ የመጀመሪያውን ክትባት ብቻ የወሰደ፣ ሌላው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብቻ የወሰደ። ሪፖርቱ «ክትባት ያቋረጠ ሕፃን» ይላል። ባለሙያዋ በፀሐይ ተራራ ወጥታ ክትባቱን የጨረሰ ልጅ ትፈልጋለች። ይህ ቀላሉ ጉዳት ነው። ከባዱ ተቃራኒው ነው፤ ሁለት የተለያዩ ልጆች በስህተት አንድ ሲደረጉ ያልተከተበው ልጅ «የተከተበ» ይባላል፤ እሱን ፍለጋ የሚወጣ ማንም የለም።

አገራዊ ሪፖርቱ የሚሰበሰበው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሚመራው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ድምር ትክክል የሚሆነው ከሥር ያለው ሰው ትክክል ሲቆጠር ነው። ስለዚህ እኛ ወደ ሥሩ እንውረድ፤ ሥሩ ያለው ደግሞ ፊደላችን ውስጥ ነው።

ስም እንውሰድ፦ ኃይለሥላሴ። የመጀመሪያው ድምፅ በስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ሥ» በ«ስ» ሊተካ ይችላል፤ «ሴ»ም በ«ሤ»። 6 × 2 × 2 = 24 ይሆናል። «ኃይለ» እና «ሥላሴ» ተጣብቀው ወይም ተለያይተው ሊጻፉ ስለሚችሉ በ2 እናባዛው፦ 48። አንድ ሰው፣ አንድ አነባበብ፣ 48 አጻጻፍ። «ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው» የሚሉ የቋንቋ መምህራን አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ካርድ ክፍል ውስጥ ወረፋው በር ድረስ ደርሶ እያለ የምትጽፈው ልጅ ኪቦርዱ ቀድሞ የሰጣትን ትጽፋለች። በብዙ የፎነቲክ ኪቦርዶች ላይ ቀላሉ መንገድ የሚሰጠው «ሀ»ን ነው፤ «ሐ» እና «ኀ» ተጨማሪ ቁልፍ ወይም ተጭኖ መቆየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አጻጻፉ የሚወሰነው በሰውየው ስም ብቻ ሳይሆን በመሣሪያውም ነው። መሣሪያው ሲቀየር ስሙም ይቀየራል ማለት ነው።

ዩኒኮድ በራሱ ያስታርቃቸዋል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ቅጂ 3.0 ሲሆን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ሆሄያት ናቸው። የዩኒኮድ ማስተካከያ ዘዴዎች (ኖርማላይዜሽን የሚባሉት) አንዱንም ወደ ሌላው አይለውጡም፤ መለወጥም የለባቸውም። ሥራው የእኛ ነው።

ደስ የሚለው ነገር የፊደሉ አቀማመጥ ሥራውን ቀላል ያደርገዋል። ዩኒኮድ እያንዳንዱን የፊደል ቤት በስምንት ስምንት ቦታ ደርድሮታል። «ሀ» በአሥርዮሽ ቁጥር 4608 ነው፤ «ለ» 4616 ነው፤ ልዩነታቸው 8። ስለዚህ የማንኛውንም ሆሄ ቁጥር ይዛችሁ 4608 ቀንሱና ለ8 አካፍሉ። ድርሻው ሆሄው የየትኛው ቤት እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ቀሪው ደግሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ ይነግራችኋል። «ኃ» 4739 ነው፤ ሲቀነስ 131፤ ለ8 ሲካፈል 16 ደርሶ 3 ይቀራል። ግዕዝን ከ0 ስለምንጀምር 3 ማለት ራብዕ ነው። «ሥ» 4645 ነው፤ 37 ይሆናል፤ 4 ደርሶ 5 ይቀራል፤ ሳድስ ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ተነባቢን ከአናባቢ ለመለየት ብዙ ይደክማሉ፤ ለእኛ አንድ ማካፈል በቂ ነው።

ከዚያ የቤት ለውጥ ሰንጠረዥ እንሠራለን። ቤት 2 (ሐ) እና ቤት 16 (ኀ) ወደ ቤት 0 (ሀ) ይሄዳሉ። ቤት 4 (ሠ) ወደ ቤት 6 (ሰ)። ቤት 26 (ዐ) ወደ ቤት 20 (አ)። ቤት 40 (ፀ) ወደ ቤት 39 (ጸ)። ቀጥሎ በ«ሀ» እና በ«አ» ቤት ግዕዙን ወደ ራብዕ እንወስዳለን፤ በአማርኛ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በድምፅ አይለዩምና። ጐ፣ ኰ፣ ቈ ወደ ጎ፣ ኮ፣ ቆ ይሄዳሉ፤ ጐሹ እና ጎሹ አንድ ሰው ናቸው። ክፍት ቦታንና ሁለት ነጥብን እናጠፋለን። ይኸው ነው፤ ከ20 መስመር የማይበልጥ ኮድ 48ቱን አጻጻፍ ወደ አንድ ቁልፍ ይሰበስባቸዋል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ይህ ቁልፍ ለመፈለጊያ ብቻ ነው። ሰውየው ስሙን «ፀሐይ» ብሎ ከጻፈ ካርዱ ላይ «ፀሐይ» ይታተማል፤ ሶፍትዌር የሰውን ስም የማረም ሥልጣን የለውም። ሁለተኛ፣ ይህ ሕግ የአማርኛ ሕግ ነው። በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ በድምፅ ይለያሉ። መቀሌ ወይም አስመራ ያደገ ሰው ስሙን ሲፈልግ በአማርኛ ጆሮ ብታደባልቁበት ትክክለኛውን ልዩነት ታጠፉበታላችሁ። የሰንጠረዡን ቋንቋ የሚመርጥ ቅንብር ይኑራችሁ።

«ኸ»ን ወደየት እንደምትወስዱት እናንተው ወስኑ። ከዲጃ፣ ኸዲጃ፣ ሀዲጃ ሲባል ሰምታችኋል፤ «ኸ» በአንዱ በኩል የከ፣ በሌላው በኩል የሀ ጎረቤት ናት። እኔ ወደ ሁለቱም ቁልፍ አስገባታለሁ።

አሁን ደግሞ አንድ ደረጃ እንውረድ። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሃመድ የሚሉትን ብታዩ ልዩነታቸው በአናባቢ ነው። ቀሪውን ጥለን ድርሻውን ብቻ ከያዝን ሦስቱም መ-ሀ-መ-ደ ይሆናሉ። አሜሪካዊው ሮበርት ራስል እ.ኤ.አ. በ1918 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ሳውንዴክስ የተባለ ዘዴ በእንግሊዝኛ ስሞች ላይ የሚሠራው ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ነው፦ የመጀመሪያውን ፊደል ይይዛል፣ አናባቢዎችን ይጥላል፣ የሚመሳሰሉ ተነባቢዎችን በአንድ ቁጥር ይጠራል። ብዙ የውጭ ሶፍትዌሮች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ለአማርኛ ስም ግን የራሳችን አጽም ይሻላል።

ሆኖም አጽሙ አደገኛ ነው። አበበ እና አበባ አንድ አጽም አላቸው፤ አንዱ ወንድ ሌላዋ ሴት ናት። ማሕሙድ እና ሙሐመድም እንዲሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁልፍ (የድምፅ ቁልፍ) ሲገጥም «ይሄ ሳይሆን አይቀርም» በሉ፤ አጽሙ ብቻ ሲገጥም «እነዚህንም ተመልከቺ» ብላችሁ ዝርዝር አቅርቡ። በአጽም ብቻ መዝገብ የሚያዋህድ ሶፍትዌር ካያችሁ ከዚያ ሽሹ።

የእዝባር ነገርም አለ፤ ገ/ማርያም፣ ተ/ሃይማኖት፣ ኃ/ሥላሴ። «ገ/» ስትሉ ገብረ ነው፣ አይከብድም። «ወ/ማርያም» ግን ወልደ ማርያም ወይስ ወለተ ማርያም? ጾታው ካልታወቀ መልስ የለውም። «ወ/ሮ» እና «ወ/ት» ደግሞ ጭራሽ ስም አይደሉም፤ ማዕረግ ናቸው፤ እነሱን የስም አካል አድርጎ የመዘገበ ሶፍትዌር ስንት «ወ/ሮ» እንደሚያከማች ገምቱ። መፍትሔው አንዱን መርጦ መዘርዘር አይደለም፤ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ቁልፍ አድርጎ መያዝ ነው።

ቁልፎቹ እጩዎችን ያመጣሉ። ከእጩዎቹ መካከል ትክክለኛው የትኛው ነው የሚለውን ለመወሰን የቆየ ግን ያላረጀ ሒሳብ አለ፤ ኢቫን ፌሌጊ እና አለን ሰንተር የተባሉ ሁለት የካናዳ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት። ሐሳቡ ይህ ነው። ሁለት መዝገቦች በአንድ ነገር ሲስማሙ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ በእርግጥ አንድ ሰው ቢሆኑ የመስማማት ዕድላቸው ስንት ነው? የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑስ በአጋጣሚ የመስማማት ዕድላቸው ስንት ነው? የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር እንፍጠር። አንድ ሰው ስሙ በሁለቱ መዝገብ ላይ በትክክል የመግጠም ዕድሉ 0.95 ይሁን። ስሙ በቀበሌው ከ20 ሰው አንዱ የሚጠራበት ከሆነ በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉ 0.05 ነው፤ ውጤቱ 19። ስሙ ከ1,000 ሰው አንዱ ብቻ የሚጠራበት ከሆነ ግን ውጤቱ 950። ጾታ ሲገጥም ደግሞ 0.98 ለ0.5፤ ወደ 2 ብቻ። የእያንዳንዱን ውጤት ሎጋሪዝም ወስዳችሁ ደምሩ፤ ድምሩ ከፍ ካለ አንድ ሰው ነው፣ ዝቅ ካለ ሌላ ሰው ነው፣ መሀል ላይ ከቀረ ሰው ይጠየቅ። እናቶቻችን «ስሙ የተለመደ ነው፣ የአባቱን ንገረኝ» የሚሉት ይህንኑ ሒሳብ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ወጥመድ አለ። ሒሳቡ እያንዳንዱ ነገር ለብቻው እንደሚገጥም ያስባል። ወንድማማቾች ግን የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቀበሌና ስልክ ቁጥር ሁሉ አንድ ነው፤ አራት ነገር ገጠመ ብላችሁ ስትደምሩ በእርግጥ የገጠመው አንድ ነገር ነው፦ ቤታቸው። መንታ ከሆኑማ የልደት ቀኑም ይገጥማል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ላሉ ሰዎች ውሳኔው በራሱ ስም፣ በጾታና በእናት ስም ላይ ያረፈ ይሁን። የእናት ስም ብዙ ቅጾች የሚዘሉት ነገር ነው፤ ለሕፃናት ግን ከሁሉም የጸና እሱ ነው፤ ስም ያልወጣለት ልጅ እንኳን እናት አለው።

መዝገብ ሲዋሃድ ደግሞ መልሶ መለየት የሚቻል ይሁን። ሁለቱን ደምስሶ ሦስተኛ የሚፈጥር አሠራር አትሥሩ። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳዋሃደ ተመዝግቦ ይቆይ። ሌላው፣ የፍለጋ ውጤቱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የእናት ስም ይታይ እንጂ ሕመም አይታይ። ካርድ ክፍል ውስጥ ስክሪኑን የሚያየው ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ ወረፋ የያዘውም ጎረቤት ያየዋል።

ውጭ አገር ለምንኖር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ ቅጹ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባታችን ስም እዚያ ይገባል። ስለዚህ እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይታያሉ፤ ክሊኒኩ ያለው ሶፍትዌር ዘመድ መሆናቸውን አያውቅም። «ገብረ ማርያም ተስፋዬ» ደግሞ ሦስት ተቆርጦ፣ ሰውየው «ገብረ» ተብሎ ሲጠራ ይሰማል፤ መቀመጫው ላይ ሆኖ የሚጠራው ሌላ ሰው ይመስለዋል። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ያላችሁ ከዚህም የባሰ ታውቃላችሁ፤ ስማችሁ ከፊደል ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ዐረብኛ ይገለበጣል። መደበኛው የዐረብኛ ፊደል ለ«ግ»ም ለ«ች»ም ሆሄ የለውም። ጌታቸው የሚባል ሰው ስሙ በሁለት ቦታ ይለወጣል ማለት ነው።

የዛሬ የጤና ሶፍትዌሮች መረጃ የሚለዋወጡበት ፋየር የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። ጥሩነቱ የቤተሰብ ስምን የግድ አይልም፤ ሙሉ ስሙን እንዳለ የሚያስቀምጥ የጽሑፍ ቦታም አለው። ስለዚህ የውጭ ክሊኒክ ሶፍትዌር የምትሠሩ ወጣቶች «ደረጃው አይፈቅድም» ሲሏችሁ አትመኑ። ይፈቅዳል፤ የማይፈቅደው ቅጹን የሠራው ሰው ነው።

አንድ ጊዜ የማውቃቸውን አንዲት እናት ለማስተርጎም በምኖርበት ከተማ ወዳለ ክሊኒክ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ በልደት ቀን ፈለገች፤ ጃንዩወሪ 1። ስክሪኑ ሞላ። ወደ አሜሪካ በስደት ሲገቡ ትክክለኛ የልደት ቀናቸው ያልታወቀ ሰዎች ጃንዩወሪ 1 ተብለው መመዝገባቸው የተለመደ ነው፤ ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ ኢትዮጵያዊው ሁሉ በአንድ ቀን ተወልዷል። ከላይ ወደተማርነው ሒሳብ ስንመለስ፣ ጃንዩወሪ 1 ላይ መስማማት ሌላ ቀን ላይ እንደመስማማት ሊቆጠር አይገባም፤ በስደተኞች መካከል በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉ በጣም ትልቅ ነውና ክብደቱ ወደ ዜሮ ይጠጋ።

የቀን ነገር ከተነሣ ዘንድ በደንብ እንቆይበት። እናትየዋ «የተወለድኩት በ1985 ነው» ብትል ፕሮግራመሩ 8 ደምሮ 1993 ይጽፋል፤ ወይም 7 ደምሮ 1992። የትኛው ልክ ነው? ሁለቱም፣ አንዱም። የእኛ 1985 የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ነው፤ ያለቀው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1993 ነው። ፋየር ዓመት ብቻ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳል፤ ግን የሚያስቀምጠው የጎርጎርዮስን ዓመት ነው። የእኛ አንድ ዓመት በእነሱ ሁለት ዓመት ላይ ተኝቷል። ስለዚህ ሰውየው የነገራችሁን እንዳለ አስቀምጡ፦ «1985፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ዓመት ብቻ»። የተለወጠው ቀን ከጎኑ ይቀመጥ፤ ግምት መሆኑም ምልክት ይደረግበት። ኦፕንኤምአርኤስ የተባለው፣ በአፍሪካ ብዙ ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት ነፃ ሶፍትዌር፣ «የልደት ቀኑ ግምት ነው» የሚል ምልክት አለው፤ ከእሱ መማር ይቻላል።

ሙሉ ቀን ሲኖር ግን መለወጡ ንጹሕ ሒሳብ ነው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ (የሉቃስ ዘመን) ጳጉሜን 6 ቀን ናት፤ አለዚያ 5። የጁሊያን ቀን ቁጥር የሚባለውን፣ ማለትም ቀናትን ያለ ወርና ዓመት በተርታ የሚቆጥረውን ቁጥር ለማግኘት፦ 1,724,221 ላይ፣ 365 × (ዓመት − 1)፣ ከዚያ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉ ቁጥሩን፣ ከዚያ 30 × (ወር − 1)፣ ከዚያ (ቀን − 1) ደምሩ። መስከረም 1 ቀን 2016 ሲገባ 2,460,200 ይወጣል፤ ያም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። የጃቫስክሪፕት አብሮገነብ የቀን መሣሪያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ማሳየት ይችላል፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈን ቀን ለመለወጥ ግን ከላይ ያለው ሒሳብ ይበቃችኋል።

አሁን የእኛ አቆጣጠር ሸክም ሳይሆን ጥቅም የሆነበትን ቦታ ላሳያችሁ። የመውለጃ ቀን የሚገመተው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ 280 ቀን ተቆጥሮ ነው። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ 280 ማለት 9 ወር ከ10 ቀን ነው። መስከረም 10 ከሆነ ሰኔ 20፤ በቃ። ጳጉሜን መሀል ከገባች አምስቱን (ወይም ስድስቱን) ትቀንሳላችሁ፤ 9 ወር ከ5 ቀን ወይም ከ4 ቀን ይሆናል። የአገራችን አዋላጅ ነርሶች ይህን በጣታቸው ይሠሩታል። ታብሌቱ ቀኑን በውጭ አቆጣጠር አሳይቶ ባለሙያዋ መልሳ በቃሏ እንድትለውጥ ካስገደዳት፣ ይሠራ የነበረውን ነገር አበላሸን ማለት ነው።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «ነገ በ2 ሰዓት ና» የሚል የቀጠሮ መልእክት ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ፣ በማን ሰዓት እንደሆነ ካልተናገረ መድኃኒት ያስረሳል። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። በአጭር የስልክ መልእክት የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በፊደላችን አንድ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ በላቲን 160 ነው። መጀመሪያ ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፤ ሰላምታው ይቆየን።

«ለሁሉም ሰው ቁጥር ብንሰጥ አይቀልም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይቀላል፤ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያም ብዙ ያግዛል። ግን ገና የተወለደ ሕፃን ቁጥር ይዞ አይመጣም፤ ምጥ የያዛትም እናት ካርዷን ፈልጋ አትመጣም። ቁጥርና ስም ተደጋግፈው ይሥሩ። ቁጥሩን ታብሌቱ ኔትወርክ በሌለበት መስጠት አለበት፤ ስለዚህ ለየጤና ኬላው አስቀድሞ የተለየ የቁጥር ክልል ይመደብ። መጨረሻው ላይ የሐንስ ፒተር ሉን ማረጋገጫ አኃዝ ጨምሩበት፤ የባንክ ካርዶች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። አንድ አኃዝ ሲሳሳት ሁልጊዜ ይይዛል፤ ሁለት ጎረቤታሞች ሲገለባበጡ ከ09 እና 90 በስተቀር ሁሉንም ይይዛል።

ኮዱን ስትሞክሩ የእውነተኛ ታካሚ ስም ዝርዝር ከማንም አትቀበሉ፤ «ለሙከራ ብቻ ነው» ቢባልም። የራሳችሁን የሐሰት ስሞች ፍጠሩ፤ እዝባር ያለበት፣ መንታ ያለበት፣ ስም ያልወጣለት ሕፃን ያለበት፣ ጃንዩወሪ 1 የሞላበት ይሁን።

ለመለማመድ ሦስት ጥያቄ። አንድ፦ «ፀሐይ» በስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? ሁለት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 በውጭ አቆጣጠር መቼ ነው? ሦስት፦ የመጨረሻው የወር አበባዋ ጥር 10 ቀን 2015 የጀመረ እናት መቼ ትወልዳለች ተብሎ ይገመታል?

መልሱ፦ 12፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 (የቀን ቁጥሩ 2,460,199)፤ ጥቅምት 14 ቀን 2016። ሦስተኛው ጥቅምት 15 የወጣባችሁ የሉቃስን ዘመን ዘላችኋል፤ ጥቅምት 20 የወጣባችሁ ጳጉሜንን ጭራሽ ረስታችኋል።